መንሳፈፊያዬን ስመርጥ

ባለፈው በጋ የአባይ መሻገሪያ መልካችን ላይ የብረት ጀልባ መጣ። ከወዲህ ዳር እስከ ወዲያ ዳር ወፍራም ገመድ ተወጥሮ ሁለት ጎረምሶች እየጎተቱ ሰውንም በቅሎንም ጭነትንም ባንድ ላይ ያሻግራሉ። ማንም ልብሱን አያረጥብም። አንድ ጠዋት ወርጄ አየሁት፤ ዞርኩት፣ በእጄ አንኳኳሁት፣ «መልካም ነው» አልኩና ወደ ቤቴ ተመለስኩ። የአሻጋሪነት ሥራዬ በዚሁ አበቃ። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ያናገረኝን ሰው ሁሉ ስቆጣ ሰነበትኩ።

ይህን የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አማርኛውንም የለመድኩት ከነጋዴ ጋር ስጨቃጨቅ ነው። እሱ «ከትውልድሽ ጀምሪ» ይለኛል። ትውልዴ ለማን ምን ያደርግለታል? ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ሴት ሆነሽ እንዴት አባይ ላይ አሻጋሪ ሆንሽ ይለኛል። የመጀመሪያዋን መንሳፈፊያዬን እንዴት እንደመረጥኩ ከተናገርኩ መልሱ አብሮ ይወጣል። ስሜን ብርቄ ብለህ ጻፍ አልኩት፤ ነጋዴዎቹ ያወጡልኝ ስም ነው፣ መልካው ላይ በሌላ ስም የሚያውቀኝ የለም።

ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ። ባሌን ንዳድ ገደለብኝ። በኛ በጉሙዞቹ መንደር ባሏ የሞተባት ሴት ለባሏ ወንድም ታልፍ ነበር። የባሌ ወንድም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህም ይጻፍልኝ። ሥራ ወዳድ ነው፣ አፉም የታረመ ነው። እኔ ግን የእሱ ሚስት መሆን አልፈለግሁም። ምክንያትሽ ምንድን ነው ሲሉኝ ምክንያት የለኝም፣ አልፈልግም እላለሁ። ሽማግሌዎቹ በኔ ነገር ሲሰለቻቸው ጊዜ እንዲህ ብለው ቆረጡ፦ «እስከ መጀመሪያው ዝናብ ራስሽን የምትችዪበት ቋሚ ሥራ ካገኘሽ እንተውሻለን። ካላገኘሽ ዝናቡ ሲጥል ቤቱ ትገቢያለሽ።» ተስማማሁ። እንዲያ ብዬ አፌን ሞልቼ ስናገር ምን ሥራ እንደምይዝ አላውቅም ነበር።

የማውቀው ሸክም ብቻ ነው። የኛ ሴቶች ሸክም የምንሸከመው በጀርባችን አይደለም። ረጅም በትር ትከሻችን ላይ እናጋድማለን፤ ጭነቱ በሁለቱ ጫፍ ይንጠለጠላል። እኔ ለነጋዴዎች እህልና ጨው ከመንደራችን እስከ አባይ መልካ በዚያ በትር አወርድ ነበር። ወንዶቹ ጥላ ፈልገው ሲቀመጡ እኔ አላርፍም። በሩጫ የሚቀድመኝ አልነበረም፤ በትግልም አንዳንዱን ጎረምሳ ጥዬ አሳፍሬያለሁ። ዋናም ከልጅነቴ ነው። ጉልበቴን አውቀው ነበር፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ነበር የማውቀው።

የመልካው አለቃ ዐሚ ኢድሪስ ይባሉ ነበር። ወዲያ ማዶ የአሶሳ አካባቢ ሰው፣ በርታ ናቸው። ዐሚ በነሱ አነጋገር አጎቴ እንደ ማለት ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም የኛም ሰው እንዲያ ብሎ ይጠራቸዋል። የነጋዴ ጭነት በበሬ ቆዳ፣ በጀንዴ ይጠቀለልና አፉ ጥብቅ ብሎ ይታሰራል። እንዲያ ሲሆን ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። አሻጋሪው ደረቱን መንሳፈፊያ እንጨት ላይ አስተኝቶ ባንድ እጁ እየቀዘፈ በሌላው ጀንዴውን ይመራል። ከባድ ጭነት ሁለት አሻጋሪ ይፈልጋል፤ አንዱ ከፊት ይጎትታል፣ ሌላው ከኋላ ይገፋል። የዐሚ ባልደረባ ውሃው ሰልችቶት ወደ ኩርሙክ ወርዶ ንግድ ጀምሯል። የሳቸው የቀኝ ትከሻ ደግሞ ከሥራ ብዛት ተጎድቷል። ይህን ስሰማ በትሬን እንደያዝኩ ሄድኩ።

«ዐሚ፣ ከኋላ የሚገፋ ሰው አጥተዋል አሉ።»

«አጥቷል» አሉ።

«እኔ አለሁ።»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ሴት ነሽ የሚሉኝ መስሎኝ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን «አንተ ውሃ ላይ ምንም ሳይሠራ መተኛት ይችላል?» አሉኝ። በሳቸው አማርኛ ሴቱም ወንዱም፣ እኔም አንተም አንድ ነው።

«ምንም ሳልሠራ ለምን እተኛለሁ? ልሠራ ነው የመጣሁት።»

«እሺ» አሉ፤ «መተኛት አይችልም ማለት ነው።»

መንሳፈፊያዎቹ ዛፍ ሥር ተደርድረው ነበር። ዳቡስ ወንዝ ረግረግ ውስጥ የሚበቅል፣ እሳቸው ዐንበጅ የሚሉት እንጨት ነው። ለማገዶም ለቤትም አይረባም፤ ጥፍር ይገባበታል። ውሃ ላይ ሲጥሉት ግን ሽቅብ ይወጣል እንጂ አይሰጥምም። ግንዱን ይቆርጡና ያደርቁታል፣ ሆዱን ጠርበው ያለሰልሱታል፣ ውሃ እንዳይጠጣ ሰም ያቀልጡበታል። ከተደረደሩት መካከል አንዱ ረጅም፣ ሰፊ፣ መልከ ጥፉ ነበር፤ «ላሚቱ» ይሏታል። ሌላው ያ ባልደረባቸው ትቶት የሄደው ነው፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ጫፉ ሹል፣ ሰሙ የሚያብረቀርቅ። ዓይኔ እሱ ላይ ቀረ።

«እሱ አይሆንም» አሉኝ። «እሱ ብዙ ዘመን የዋኘ ሰው ነው የሚይዘው። አንተ ላሚቱን ይውሰድ።»

«ላሚቱን ለአሮጊት ይስጡልኝ።»

ሳቁ። «ጉልበት ያለው ሰው ሁሉ ይህን ቀጭኑን ነው የሚወደው። ለምን እንደሆነ እኔ አያውቅም። ጉልበቱ እንጨት የሚሆንለት ይመስለዋል።»

ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ቀጭኑን ይዤ ወንዙ ዳር ወደተኛው ውሃ ገባሁና እንደ ዓሣ ተወረወርኩበት። ዐሚ ዳር ቁጭ ብለው ያያሉ። ወጥቼ እንዴት ነው ስላቸው «ውሃው ተኝቷል» ብቻ አሉኝ። ሲያመሰግኑ ሰምቼ አላውቅም፤ ያኔም ሆነ ከዚያ ወዲያ።

ሰውዬውን በደንብ ላስተዋውቅ። ጠዋት ከስግደት በኋላ መጀመሪያ የሚያደርጉት እንጨቶቹን አንድ በአንድ በጣታቸው አንኳኩቶ ማዳመጥ ነው። ውሃ የጠጣ እንጨት ድምፁ ይታፈናል፤ ድምፁ የታፈነውን ፀሐይ ላይ ያቆሙታል፤ የዚያን ቀን ሥራ የለውም። ቀጥሎ ዳር ዳሩን ውሃውን በረጅም ዱላ ይመታሉ፤ አዞ ካለ እንዲሸሽ ነው። «ቢስሚላህ» ብለው ከገቡ በኋላ እስኪወጡ ድረስ አንድ ቃል አይወጣቸውም፣ ተሻጋሪውንም አያናግሩም። ማውራት ያማረው ሰው ዳር ላይ አውርቶ ይጨርስ ይላሉ። ይህን ሁሉ እያየሁ የሽማግሌ አመል ነው ብዬ አሳልፌዋለሁ።

አንድ የገበያ ቀን አያ ታፈረ የሚባል የጎጃም ነጋዴ አሞሌ ጨው ጭኖ ደረሰ። ወደ አሶሳ የሚያልፍ ነው። ቸኩሏል፣ ፀሐዩ አናት ላይ ወጥቷል፣ ሰው ተሰልፏል። ዐሚ ከፊት ሆኑ፣ እኔ ቀጭኑን እንጨት ይዤ ከኋላ ገባሁ። ዐሚ እንጨቱን አዩት፤ ዝም አሉ። ዝምታቸውን ፈቃድ አደረግሁት።

እስከ ወንዙ ሲሶ ደህና ሄድን። ከዚያ ዋናው ጅረት ያዘን። ቀጭኑ እንጨት ደረቴ ሥር ሰጠመ፤ ሽቅብ ሲመለስ ደግሞ ተገለበጠ። እንዳልወድቅ በሁለት እጄ መቅዘፍ ግድ ሆነብኝ፤ ጀንዴውን የሚገፋ እጅ አልተረፈኝም። ጉልበቴ አለ፣ ሁሉም ግን የሚያልቀው እኔኑ እንጨት ላይ በማቆየት ነው። ጀንዴው ጎኑን ለጅረቱ ሰጠ፣ እስሩ ላላ፣ ውሃ ገባው። ዐሚ በዚያ በተጎዳ ትከሻቸው ብቻቸውን እየጎተቱ ዳር አደረሱት። እኔ ውሃው ወስዶኝ ከብዙ በታች፣ ድንጋይ ላይ ተንጠልጥዬ ወጣሁ።

ጨው ሌላ ዕቃ አይደለም። ጨርቅ ቢርስ ይደርቃል፣ እህልም ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ጨው ውሃ ገባው ማለት የለም ማለት ነው። አያ ታፈረ ጀንዴውን ሲፈታ ነጭ ውሃ ወረደ። ከወንዙ በመዳፉ ዘቀና ቀመሰ። «አጣፈጥነው» አለ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጥሎ ተቀመጠ። በዓመት አንዴ የሚወርድባት ጉዞው ነበረች። እኔ ባዶውን ጀንዴ አጣጥፌ አጠገቡ አስቀመጥኩ። ዐሚ ወደ ጎን ወስደው አነጋገሩት፤ በምን እንደተስማሙ አልነገሩኝም። ሰውዬው ግን በሌላው ዓመት ተመልሶ መጣ፣ እኔንም አልጠላኝም።

ወሬ እግር የለውም ያለው ማነው? በሁለተኛው ቀን የባሌ ወንድም የተፈጨ ማሽላ ይዞ መጣ።

«ሰማሁ» አለኝ።

«ሰምተህ ምን ልትለኝ መጣህ?»

«ምንም። የቤቱን ክዳን አድሻለሁ። ዝናብ አያስገባም፣ ልልሽ ነው።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ክዳኑ መልካም ነው» አልኩት። «ዝናቡ ግን ገና አልመጣም።» ማሽላውን ተቀብዬ አመሰገንኩት። እሱ ሲሄድ እልኼ መጣ፤ ውስጤ ያለውን ሁሉ ሰብስቤ ዐሚ ዘንድ ሄድኩና «ላሚቱን ይስጡኝ» አልኳቸው።

ላሚቱ እንዳሉት ያዘችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ላይ ምንም ሳልሠራ ተኛሁ። ፊቴን ወደ ጎን አድርጌ ሰማዩን አየሁ፣ ትንፋሼን አዳመጥኩ። ከታች ያለው ውሃ ወዴት ወዴት እንደሚገፋኝ ያን ቀን ታወቀኝ፤ ስጣጣር እኮ ይህን ሰምቼው አላውቅም ነበር። መቅዘፍ ስጀምር ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ላሚቱ የተሠራችው ለዐሚ፣ ለረጅምና ደረተ ሰፊ ሰው ነው። እጄ ጎኗን ተሻግሮ ውሃውን በደንብ አይደርስበትም፤ ብብቴ ተልጦ ደማ። ትይዘኛለች እንጂ አታስኬደኝም።

ያን ደም ሲያዩ ዐሚ ተነሡ። «እንሂድ» አሉ፤ «ዳቡስ።»

ረግረጉ ውስጥ ገብተን ዐንበጅ ቆረጥን፤ ጭቃው እስከ ጭን ይውጣል። ወፍራሙንም ቀጭኑንም፣ ረጅሙንም አጭሩንም ያዝን። መልካው ላይ አድርቀን ጠረብናቸው። ከዚያ የትኛው የኔ እንደሆነ መለየት መጣ። ዐሚ እያንኳኩ ያዳምጣሉ፤ እሱ የእንጨቱን ጤና ነው እንጂ ለኔ መሆን አለመሆኑን አይናገርም። በዓይን ብመርጥ ዓይኔ አንዴ አታሎኛል። ቁጭ ብዬ ሳስብ በትሬ ዛፉ ላይ ተደግፋ አየኋት።

የኛ ሴት የሸክም በትር ስትመርጥ በጉልበቷ አትመርጥም። ሁለት ቅል ውሃ በሁለቱ ጫፍ ታንጠለጥልና ትራመዳለች። ቅሎቹ መወዛወዛቸውን ካላቆሙ በትሩ የሷ አይደለም። ጭራሽ ካልተነቃነቁም የሷ አይደለም፤ ድርቅ ያለ በትር ትከሻ ይሰብራል። እርምጃዋ ቅሉን ነቅንቆት እሱ ራሱ መልሶ ሲረጋ፣ ይህ በትሬ ነው ትላለች። እናቶቻችን እንዲህ ነው ያሳዩን።

ተነሥቼ ሁለት ቅል ውሃ ሞላሁ። የተኛው ውሃ ላይ አንዱን መንሳፈፊያ ጣልኩና በደረቴ ተኛሁበት። «ዐሚ፣ በትሬን ጀርባዬ ላይ ያጋድሙልኝ፤ ቅሎቹን በጫፍና በጫፉ ይስቀሉልኝ።»

«ምን ሊሆን ነው?»

«ይስቀሉልኝ ብቻ።»

በቀጭኑ ላይ ገና ስተነፍስ አንዱ ቅል ውሃ ውስጥ ገብቶ ቀረ። በሰፊው ላይ ስቀዝፍም ቅሎቹ ንቅንቅ አላሉ፤ እጄ ግን ውሃውን አላገኘም። አንዱን ጥዬ ሌላውን ስሞክር፣ ቅል ሲወድቅ ስሞላ፣ ዐሚ እንደ ሕፃን ሲስቁ ቀኑ ሄደ። በመጨረሻ አንዷ ላይ ተኛሁ። ከላሚቱ ታጥራለች፣ ከወገቧ ጠበብ ትላለች፣ ደረት የሚያርፍባት ቦታ ላይ ግን ከሁሉም ትወፍራለች። ስቀዝፍ የቀኙ ቅል ውሃውን ነካ፣ ተመለሰ። የግራው ነካ፣ ተመለሰ። እኔ የማደርገው ነገር ሳይኖር፣ እሷው ናት የምትመልሰኝ።

«ይቺ ናት» አልኩ።

ዐሚ ልብሳቸውን አውልቀው ገቡ። «በትሩን ለእኔም ያጋድም» አሉ። ያን ዕለት ነው ባልደረባ የሆንኩት ብዬ የማስበው።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። ሹሞች ተለዋወጡ፤ አንዱ ቀረጡን ከፍ ያደርጋል፣ ሌላው ሴት ከመልካው ትውረድ ይላል፣ ወንዙ ሲሞላ ግን ሁሉም ይፈልጉኛል። ዐሚ ሲያርፉ መልካው ለኔ ቀረ። ያስተማርኳቸው ብዙ ናቸው፤ ጠንካራ ጠንካራው ሁልጊዜ መጥቶ ቀጭኑን ያነሣል። አልከራከረውም፤ በትርና ቅሉን አመጣለታለሁ። አንዳንዱ ያፍራል፣ አንዳንዱ ይቆጣል፤ ትተውኝ የሄዱም አሉ። የተማሩት ግን አንድም በውሃ አልሞተብኝም፤ በዚህ እኮራለሁ። ጎረቤቴ የደመወዜን ነገር ጠየቀኝ፤ ጨውና ጥጥ ነበር፣ በላሁት፣ ለበስኩት። አሁን የጀመርኩትን ልጨርስ።

በዚያው በመጀመሪያው በጋ ዝናቡ ሳይጥል ልምምዴን ጨርሼ ከዐሚ ጋር ጭነት ማሻገር ጀመርኩ። አንድ ማለዳ ወንዙ ደፍርሶ ከፍ ብሎ አገኘነው፤ ከላይ አገር ዘንቧል። እኛም ዘንድ ሌሊቱን ጥሎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የባሌ ወንድም መጣ፤ ልብሱ እርጥብ ነው።

«ዝናቡ መጣ» አለኝ።

«አይቻለሁ።»

«የመጣሁት ግን ለሱ አይደለም። እህቴ ወዲያ ማዶ ታማለች፤ ዛሬ ካልደረስኩ አላገኛት ይሆናል።» ወደ ዐሚ ዞረ። «ዐሚ፣ ያሻግሩኝ።» አባይን የሚፈራ ሰው ነው።

ዐሚ ትከሻቸውን ያዙ። «በዚህ ውሃ እኔ አይችልም። እሱ ያሻግራል» ብለው በአገጫቸው እኔን አመለከቱ።

አየኝ፣ ወንዙን አየ፣ መልሶ አየኝ። ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ጀንዴ ውስጥ ደረቅ ሣር ሞልቼ አስቀመጥኩትና የጀንዴውን አፍ በወገቡ ዙሪያ አጥብቄ አሰርኩ። «ውሃው ላይ አትናገር፣ አትነሣ፣ እኔን አትያዝ» አልኩት። እንጨቴን አንኳኳሁ፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ገባን።

ጅረቱ ጨው የሟሟ ዕለት ካወቅሁት የባሰ ነበር። መሐል ስንደርስ ሥሩ የተነቀለ ዛፍ ከላይ ሲመጣ አየሁ። ሰውዬውም አየውና በሁለት እጁ ክንዴን ጨመደደኝ። እንጨቴ ወደ አንድ ጎን ሄደች፣ ሄደች፣ አፌ ውሃ ገባው። አትናገር ያልኩት እኔ ራሴ ጮህኩ፦ «ክንዴን ተው! ተው፣ ሁለታችንም እንሞታለን!» ፊቱን አስታውሰዋለሁ፤ መተው ለሱ ከመሞት የከበደ መስሎ ነበር። ተወኝ። እንጨቷ መለሰችኝ። ባንድ እጄ ጀንዴውን ወደ ላይ ሳብኩ፣ በሌላው ቀዘፍኩ፣ ዛፉ በጎናችን በቅርንጫፉ እየጠረገን አለፈ። ዳር ስንደርስ ከጀንዴው ወጥቶ አሸዋው ላይ ተንበረከከ። ከዚያ ምንም ሳይለኝ ወደ እህቱ መንደር ሮጠ።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ወደ መልካው ወረዱ። ዝናቡ ጥሏልና ቃላቸውን ሊፈጽሙ ነው የመጡት። ሥራ ይዣለሁ አልኳቸው። ትልቁ ሽማግሌ ጢሙን እያሻሸ «አንድ በጋ ጨዋታ ነው፤ አሻጋሪ ነሽ የሚልሽ ሰው ማነው?» አለኝ። ዐሚ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ከወዲያ ማዶ ጥሪ ተሰማ። አንድ ሰው ውሃው ዳር ቆሞ ጋቢውን ያውለበልባል። የባሌ ወንድም ነበር። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ከ«የወንድሜ ሚስት» በቀር በሌላ፣ ነጋዴዎቹ ባወጡልኝ ስምም ቢሆን፣ ጠርቶኝ አያውቅም።

«ብርቄ!» አለ፤ ድምፁ ውሃውን ተሻግሮ መጣ። «አሻጋሪዋ! ብርቄ! እህቴ ደህና ናት፣ ነይ አሻግሪኝ!»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ትልቁ በትሩን መሬት ላይ ተከለ።

«እንግዲህ ሂጂ እንጂ» አለኝ፤ «ሰው አታስጠብቂ።»

እንጨቴን አንሥቼ ወረድኩ።